ማን ጠየቀሽ?

«ዝም አንበል፣ አንዳችን ለአንዳችን እንናገር» የሚል ጽሑፍ በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ አንብቤያለሁ። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ዛሬም ትቼዋለሁ አልልም። ግን አንድ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አላላውስ ብሎኛል። ጥያቄው በኢሞ የተላከልኝ ነው፣ ሁለት ቃል ብቻ፦ «ማን ጠየቀሽ?»

እኔ ያለሁት ጡዋል ነው። ለማታውቁት፣ ከጂዛን ከተማ ወደ ደቡብ ሲወረድ የየመን ድንበር ላይ ያለች ናት፤ ማዶው ሐረድ ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መተላለፊያው ተዘግቷል። አገሩ ሙቀትና አቧራ ነው፤ ግን ማሽላ ይዘሩበታል። ማሽላው ሲያፈራ ከጣሪያ ላይ ሆኜ ሳየው፣ ወላሂ ቃሉ ያለሁ ይመስለኛል።

ከእኛ ጋር አጥር በሚዋሰን ቤት አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ትሠራ ነበር። የምንገናኘው ልብስ ስናሰጣ ነው፣ ጣሪያ ለጣሪያ። ሰባት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት አንድ ቀን በወሬ መሀል ነገረችኝ። አላለቀሰችም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ማታ ስልኬን አንስቼ ድምፄን ቀዳሁ፤ የቤተሰቡን ስም ጠርቼ፣ ሰፈሩን ተናግሬ፣ ብዙ ሺህ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅሁት። «ጀግና!» አሉኝ። «እንዳንቺ ያለ አስር ይኑረን» ያለኝም አለ። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ልብሱን የምታሰጣው ሌላ ሴት ሆና አገኘኋት።

በኋላ እንደሰማሁት ወሬው ለቤቱ ሰዎች ደርሶ ስልኳን ቀሟት፣ ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ወሰዷት፣ ከዚያም የአንድ ወር ተኩል ደመወዝ አስይዘው ወደ አገር ቤት ሰደዷት። እኔ ያላወቅሁት ነገር ነበር። ልጅቱ የቤቱን አሮጊት ለወራት ይዛቸው ኖራለች። ፀጉራቸውን እየጎነጎነች፣ የጂዛን ሴቶች የሚወዱትን የፉል አበባ በክር እየሰካች ሒሳቧን በወረቀት ጽፋ አሳይታቸዋለች፤ እሳቸውም ከዒድ በፊት ልጃቸው ሙሉውን እንደሚከፍል ቃል ገብተውላታል። ዒድ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ለምን አልነገረችኝም? ለምንስ ትነግረኛለች! አገር ቤት ከገባች በኋላ ነው ያቺን ሁለት ቃል የላከችልኝ።

አሮጊቷ ቃላቸውን ይጠብቁ ነበር ወይ? አላህ ያውቃል። ምናልባት አይጠብቁም ነበር። ግን ያን የመሞከር ዕድል የእሷ ነበር፤ እኔ ነኝ ያቃጠልኩባት።

ይህ ሐሳብ እያብሰለሰለኝ ሳለ የማዳም ልጅ፣ ጂዛን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ ስለ እንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት የቤት ሥራ ትሠራ ነበር። ሻይ ሳቀርብላት «ይህቺ እንግሊዛዊት እናንተ አገር ነው የተቀበረችው ይላል፣ ታውቂያታለሽ?» አለችኝ። ስሟ ሲልቪያ ፓንክረስት። አላውቃትም፤ እኔ እስከ 10ኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ማታ ለጋሼ በኢሞ ደወልኩለት። ጋሼ የምንለው የአያቴን ታናሽ ወንድም ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር። በሳጥኑ ውስጥ ሞስኮ የታተሙ የአማርኛ የሌኒን መጻሕፍት አሉት፤ ልጆች ሆነን ምስላቸውን እያየን እንጫወት ነበር። ጥያቄዬን ሲሰማ ሳቀና «እሷን ለማወቅ ከሩሲያ ነው መጀመር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ማታ ያስተምረኛል። የማትስማሙበት ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሱ በደንብ ነው የነገረኝ።

መጀመሪያ የገረመኝ የሩሲያ አብዮት አሳቢዎች ብዙዎቹ እንደ እኛ ስደተኞች መሆናቸው ነው። በአገራቸው ንጉሥ ስላለ መጻፍ አይችሉም፤ ስለዚህ ለንደን ሄደው ይጽፋሉ። ሄርዘን የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ «ደወል» የሚል ጋዜጣ ለንደን ውስጥ እያሳተመ በድብቅ ወደ ሩሲያ ያስገባ ነበር። ሌኒንም እ.ኤ.አ. በ1902 ወደዚያው ከተማ መጥቶ «ብልጭታ» የተባለውን ጋዜጣ አሳተመ፤ የታተመበት ቤት አሁን በማርክስ ስም የተጠራ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስደተኛ በሰው አገር የራሱን ጋዜጣ ማውጣቱ ከእኛ የተጀመረ አይደለም ማለት ነው።

ሌኒን በዚያው ዓመት «ምን መደረግ አለበት?» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ርዕሱን ከሌላ ሩሲያዊ ነው የወሰደው፤ ቼርኒሼቭስኪ የተባለ ጸሐፊ እስር ቤት ሆኖ ከጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ከወጣው ልብ ወለድ። ሁለቱ መጻሕፍት ስማቸው አንድ ነው፤ ነገራቸው ግን ለእኔ ሁለት ሆነብኝ።

በልብ ወለዱ ቬራ የምትባል ሴት የልብስ ስፌት ቤት ትከፍታለች። ትርፉን ለብቻዋ አትወስድም። ልብስ ሰፊዎቹን ሰብስባ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል ታወያያለች፤ እነሱም ቀስ በቀስ ሥራውን ራሳቸው ይይዙታል። (ልብ ወለድ ነው፣ በልብ ወለድ ሁሉም ይሳካል።) የሌኒን መጽሐፍ ግን እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛ በራሱ ብቻ ሲተው የሚደርሰው ማኅበር አቋቁሞ ደመወዝ ይጨመርልኝ እስከማለት ነው። አጠቃላዩን ሥርዓት የማየት ንቃት ከውጭ፣ ከተማረ ሰው ሊመጣለት ይገባል። ይህንን ንቃት የሚያመጣውም በደንብ የተደራጀ የአብዮተኞች ድርጅት ነው።

እህቶቼ፣ ቶሎ አትቆጡ። እኔም መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ ግን እውነት አለው። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ወለል የምትወለውል ሴት የምታየው ወለሉን ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ክፉዋ ማዳም ብቻ ትመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ጄኔቫ ላይ ስለ ቤት ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት እንደጸደቀ፣ ቁጥሩም 189 እንደሆነ የነገረኝ ሰው ከውጭ የመጣ ነው። እዚያ ስብሰባ ላይ ግን ከተለያየ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ተገኝተው ተናግረዋል። ስለዚህ እውቀት ከውጭ ይምጣ፤ እዳ የለውም። እኔን ያስፈራኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «እኔ አውቅልሻለሁ» ያለው ሰው አንድ ቀን «እኔ ልናገርልሽ» ይላል፣ ሌላ ቀን «እኔ ልወስንልሽ» ይላል፣ የሦስቱ ድንበር የት ላይ እንደሆነ ደግሞ ራሱም አያየውም። ያን ማታ በቴሌግራም ላይ እኔ ራሴ ትንሽ ሌኒን ነበርኩ።

አሁን ወደ ሲልቪያ። እ.ኤ.አ. በ1882 ማንችስተር ተወለደች። እናቷ ኤመሊን ለሴቶች ምርጫ የታገለችው ዝነኛዋ ናት። እናትና ታላቅ እህት ትግሉን ከላይ ሆነው ሲመሩ ሲልቪያ ወደ ምሥራቅ ለንደን ወረደች፤ ወደ ልብስ አጣቢዎች፣ ወደ ፋብሪካ ሴቶች፣ ወደ ወደብ ሠራተኞች ሚስቶች። በዚህ ምክንያት በ1914 መጀመሪያ ከእናቷ ድርጅት ተለየች። በዚያው ዓመት ጋዜጣ ጀመረች። ስሙ «ድሬድኖት» ነው፣ ምንም የማይፈራ ማለት።

በሰኔ 1914 የምሥራቅ ለንደን ሴቶች ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለአስኪዝ መልእክተኛ ለመላክ ፈለጉ። እሱ አልቀበልም አለ። ሲልቪያ ምግብ ትታ፣ ከእስር ደክማ ወጥታ፣ ፓርላማው በር ላይ ተኛች፤ ካልተቀበላቸው እዚያው እሞታለሁ አለች። ተቀበላቸው። የገቡት ስድስት ሴቶች ናቸው፣ በስብሰባ የተመረጡ ሠራተኞች። ሲልቪያ አብራቸው አልገባችም! እዚህ ላይ ጋሼን አቁሜ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ያን ሁሉ ስታበቃ ከውጭ ቀረች። ከሴቶቹ አንዷ ቡርሽ ሠሪ ነበረች፤ በእጇ የሠራችውን ቡርሽ ይዛ ገብታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አሳየችው፣ ስንት እንደሚከፈላት ነገረችው። ሲልቪያ ብትገባ ኖሮ ከዚያች ሴት የተሻለ እንግሊዝኛ ትናገር ነበር። ግን ቡርሹን አትይዝም።

ከዚያ የሩሲያ አብዮት መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1917። ጋዜጣዋ «የሠራተኞች ድሬድኖት» ሆነ። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሠራተኛ ነገሩን በተስፋ ነበር ያየው፤ በግንቦት 1920 የለንደን ወደብ ሠራተኞች «ጆሊ ጆርጅ» በሚባል መርከብ ላይ ሶቪየቶችን ለመውጋት የሚላክ መሣሪያ አንጭንም ብለው ቆመዋል። የሲልቪያ ሰዎች ለዚህ በወደቡ ሰፈር ብዙ ቀስቅሰዋል። ሲልቪያ ራሷ በዚያው ዓመት በድብቅ ሞስኮ ድረስ ሄደች። ሌኒን የእንግሊዝ ኮሚኒስቶች ፓርላማ ውስጥ ገብተው ይታገሉ፣ ከሌበር ፓርቲም ጋር ይጠጉ ይል ነበር፤ እሷ አይሆንም አለች፤ ፊት ለፊት ተከራከረችው። ስትመለስ በጋዜጣዋ በወጡ ጽሑፎች ምክንያት ስድስት ወር ተፈረደባት። ከእስር ስትወጣ ደግሞ የራሷ ፓርቲ «ጋዜጣውን አስረክቢ፣ ከእንግዲህ በፓርቲው ሥር ነው» አላት። እምቢ ስላለች በ1921 አባረሯት። በዚያን ጊዜ ጋዜጣዋ ኮሎንታይ የተባለች ሩሲያዊት የጻፈችውንም አትሟል፤ ፋብሪካውን ማስተዳደር ያለባቸው ከላይ የተሾሙ ባለሥልጣኖች ሳይሆኑ ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው ብላ ከገዛ ፓርቲዋ መሪዎች ጋር የተጣላች ሴት ናት።

ጋሼ እዚህ ላይ ያሾፍብኛል። «ሲልቪያም እኮ ጋዜጣው የኔ ነው አለች እንጂ የአጣቢዎቹ ነው አላለችም» ይለኛል። ልክ ነው። ደግሞ እናቷና እህቷ የታገሉለት ምርጫ በ1918 ሲፈቀድ ዕድሜያቸው ከ30 በላይ ለሆነና ቤት ንብረት ለነበራቸው ሴቶች ነው። እንደ እኛ በሰው ቤት የምታድር ወጣት ሠራተኛ እስከ 1928 ጠብቂ ተባለች። ስሟ ግን በሰልፉ ሁሉ ላይ ተጠርቷል።

ይህ የእንግሊዞች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። እኛ ቤት ድረስ ገብቷል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ ይህንኑ የሩሲያ ትምህርት የያዙ በመካከላቸው ነበሩ፤ ከዓመት ዓመትም ሌኒንን የሚያነብ በዛ። አያቴ ያኔ ጭሰኛ ነው። ካረሰው ግማሹን ለባለመሬት ይሰፍራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ጭሰኝነት ቀረ። አያቴ እስኪሞት ድረስ ያን ቀን እንደ ዒድ ነበር የሚያወራው። ተማሪዎቹን ማን ጠየቃቸው? አያቴ አልጠየቃቸውም፤ መኖራቸውንም አያውቅም። ግን ተናገሩለት፣ ብዙዎቹም ሞቱለት። ይህን የካድኩ እንደሆነ በእህሉ ያደግሁበት መሬት ይታዘበኛል።

ከዚያስ? ከዚያ እነዚያው «እናውቅልሃለን» ያሉት፣ ወይም በእነሱ ቃል የሚናገረው ደርግ፣ እህልህን በዚህ ዋጋ ለመንግሥት አስረክብ አሉት፤ ኮታ ይባላል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሕዝብ ለሰፈራ ተወሰደ፣ በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ ሰው። የአያቴ ሌላው ወንድም ከእነሱ አንዱ ነው። ፈቅደህ ነው ወይ ብሎ የጠየቀው የለም፤ «ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም» ነው። ሰፊው ሕዝብ የሚባለው ነገር አስገራሚ ነው። መኢሶን የሚባለው ድርጅት ጋዜጣውን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ብሎት ነበር፤ ኢሕአፓ ደግሞ «ዴሞክራሲያ» የሚል ነበረው። ሁለቱም የሠራተኛው ወገን እኛ ነን አሉ፤ ተጣልተው ተላለቁ፤ ቀይ ሽብርም መጣ። አዲስ አበባ የቆመው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲነቀል ጋሼ በሬዲዮ ሰማ። ደስ አለህ ወይ ስለው «ድካም ነው የተሰማኝ» አለኝ።

ጋሼ የእድገት በኅብረት ዘማች ነበር። ከዘመቻው በኋላ አዲስ አበባ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ወዝአደር እንበል ወይስ ላብአደር እያሉ፣ ሌኒን ይህን አለ ያንን አለ እያሉ ይከራከራሉ። አንዲት ልጅ ሽሮ ትሠራላቸዋለች፣ ሻይ ትቀዳላቸዋለች፣ ውሃ ከሩቅ ታመጣለች። ክርክሩ እስኪያልቅ አትተኛም፣ ምክንያቱም የምትተኛው እነሱ ከሚቀመጡበት ክፍል ወለል ላይ ነው። «ስሟ ማን ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ ጋሼ» አልኩ። «አለሁ» አለ። «ስሟን አላስታውስም። ስለ እሷ ነበር እኮ የምንከራከረው።»

እህቶቼ፣ ከሳጥኑ መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ይህ ነው።

ግን ደግሞ ነገሩ በአንድ በኩል አይዘጋም። ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1936 ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ጋዜጣ ጀመረች፤ ሃያ ዓመት አወጣችው። ማን ጠየቃት? ስለ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ሰበሰበች። በ1956 ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ሞተች፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። ንጉሡ ጄኔቫ ሄደው ራሳቸው ተናግረዋል፣ አርበኛውም በጫካ ነበር፤ አፍ አልጠፋም ነበር፣ የጠፋው የሚሰማ ጆሮ ነው። እሷ ያን ጆሮ ስትፈልግ ኖረች። ይህ መልካም ነው። ታዲያ በምሥራቅ ለንደን ለአጣቢዋ የቆመች ሴት አዲስ አበባ ላይ የንጉሥ ወዳጅ ሆና ስትኖር የወሎ ጭሰኛ ትዝ ብሏት ይሆን? ጋሼ ይህን ይጠይቃል። እኔ ግን ለወዳጅ ሲሆን አይናችን እንደሚጨፈን ከራሴ ስለማውቅ አልፈርድባትም።

አንዲት እህት ተቆልፎባት፣ ስልክ ተቀምታ፣ ደም እየፈሰሳት ቢሆን «ልጥሪልሽ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። ይጮሃል። እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ራሴ አፈርሰዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ደግሞ የጮኸው ሁሉ «ሰዓቱ አልነበረም» ማለቱ ነው፤ ሁሉም እሳት አየሁ ይላል። እኔም ያን ማታ እሳት ያየሁ መስሎኝ ነበር። ግን ልጅቱ ከእኔ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ አጥሩ ማዶ፣ ልብስ እያሰጣች ነበር። እሳት አልነበረም። ሰዓት ነበረኝ። አንድ ነገር ብቻ ብላት ይበቃ ነበር፦ «ልናገር ወይ?»

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ማታ እኔ ምንም አላጣሁም። ደመወዜ በጊዜው ይከፈለኛል፣ ኢቃማዬ በእጄ ነው። ቢበላሽ የምትከፍለው እሷ፣ ቢሳካ ጀግና የምባለው እኔ። ሲልቪያ ቢያንስ በራሷ ሆድ ነው የተራበችው። ተማሪዎቹም በራሳቸው ነፍስ ከፍለዋል፤ ሆኖም ኮታውን አያቴ ከፈለ። ስለዚህ መክፈል ብቻውንም አይበቃም ማለት ነው፤ ይህን ክር ገና ፈትቼ አልጨረስኩም።

ማኅበራችን ደመወዝ ስላልተከፈላቸው እህቶች ለቆንስላው ደብዳቤ እያዘጋጀ ነው። የተማሩ ወንድሞቻችን እንጻፍላችሁ ብለዋል፤ አላህ ይስጣቸው፣ ይጻፉ፤ አረብኛውንም ሕጉንም ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ። እኔ የምለው፣ ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ስለ እያንዳንዷ የተጻፈው በስልክም ቢሆን ለእሷ ይነበብላት። «ይህ አይሄድም» ካለች አይሂድ፣ ሞኝነት መስሎ ቢታየን እንኳ። ጊዜ ይወስዳል የሚሉ አሉ። ይውሰድ፤ ሰባት ወር የጠበቀች አንድ ሳምንት መጠበቅ አያቅታትም፣ ባይሆን እሷው ትበለን።

ይህንንም ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለልጅቱ በኢሞ አነበብኩላት። አሁን አገር ቤት ናት፣ ከእናቷ ጋር ጉሊት ትሸጣለች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። የመጣችበትን ወረዳ ጽፌ ነበር፣ አውጪው አለችኝ፤ አወጣሁት። ሁለት ወር ተከፈላት ብዬም ጽፌ ነበር። «አንድ ወር ተኩል ነው» አለችኝ፤ አስተካከልኩት። አላለቀሰችም የሚለውን ላውጣው ወይ ስላት ትንሽ አሰበችና «ተይው» አለችኝ።